የሕፃናት ሒሳብ ትምህርት በኢትዮጵያ፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ አፍ መፍቻ ቋንቋ

በኢትዮጵያ ሒሳብ የራሱ ሰዓትና የራሱ መጽሐፍ ተለይቶለት ለትናንሽ ልጆች መሰጠት የጀመረው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ቆጠራና ስሌት ግን ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ነበሩ። ልጅ ቁጥርን የሚያውቀው ፊደል ሲቆጥር፣ ገበያ ሲላክ፣ አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር ቆሞ ሲያይ፣ ከእኩዮቹ ጋር ገበጣ ሲጫወት ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህን እውቀት መነሻው አላደረገውም። በባዕድ ቋንቋና በባዕድ መጽሐፍ አዲስ ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ሒሳብ የሚሰጥበት ቋንቋ ደጋግሞ ተለዋውጧል። የአገሪቱ የሕፃናት ሒሳብ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ መለዋወጥ ታሪክ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን፣ አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን ከሚቀጽለው ልጅ አጠገብ የግዕዝ አኃዝም ነበር። አኃዞቹ መሠረታቸው ግሪክኛ ነው፤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተቀረጹት የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይም ይታያሉ። ከ፩ እስከ ፱ ላሉት አሃዶች ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ላሉት አሥሮች ሌላ ዘጠኝ፣ ከዚያ ለመቶ ፻ እና ለዐሥር ሺህ ፼ ምልክት አላቸው። ዜሮ የላቸውም። ልጁ አኃዞቹን ከፊደል ጋር ያጠናቸዋል፤ ጥቅማቸውም በአብዛኛው የመዝሙረ ዳዊትን ምዕራፍ፣ የወሩን ቀንና የዘመኑን ቁጥር ለማንበብ ነው።

በዚህ አጻጻፍ መደመርና ማባዛት በጽሑፍ አይመችም። ሃምሳ ዘጠኝ ሲጻፍ ፶፱ ሆኖ ሁለት ምልክት ይፈጃል፤ በአንድ የሚበልጠው ስድሳ ግን ፷ ተብሎ በአንድ ምልክት ያልቃል። ሁለት መቶ ፪፻ ነው፣ ሁለት መቶ ስምንት ደግሞ ፪፻፰። አሃድ ከአሃድ ሥር፣ አሥር ከአሥር ሥር ተሰልፎ የሚደመርበት ዓምድ ከዚህ አይወጣም። ስለዚህ የቤተ ክህነት ሰው የሚያሰላው በቃሉና በጣቱ አንጓ ነበር፤ ብራናው ላይ የሚሰፍረው የተገኘው ውጤት ብቻ ነው። የጽሑፍ ስሌት በሕፃናት ዘንድ በሰፊው ሳይለመድ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቤተ ክርስቲያኗ ከፍተኛ ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የበዓላትና የአጽዋማት መዋያ የሚወጣበት ቀመር ነው። ትውፊቱ የሚሰጠው ለእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። ምን ያህል ስሌት እንደያዘ ለማየት የ2000 ዓ.ም.ን አውጥቶ ማየት ይበቃል። በመጀመሪያ 5500 ዓመተ ዓለም ከ2000 ዓመተ ምሕረት ጋር ተደምሮ 7500 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ትርፍ የለውም፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ይሆን ነበር። ድርሻው 1875 ከ7500 ጋር ተደምሮ 9375 ይመጣል፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚነሣ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። እንደገና 7500 ለ19 ተካፍሎ 14 ይተርፋል። ከዚህ አንዱ ለዘመኑ ሲነሣለት 13 ወንበር ይሆናል። 13 በ11 ተባዝቶ 143፤ በ30 በ30 ሲገደፍ 23 አበቅቴ። 13 በ19 ተባዝቶ 247፤ በ30 ሲገደፍ 7 መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ተማሪው ራሱን የሚያርምበት መንገድ በቀመሩ ውስጥ አብሮ ተቀምጧል። መጥቅዑ ከ14 በታች ስለሆነ በጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ሐሙስ ነው። የሐሙስ ተውሳክ 3 ተጨምሮ መባጃ ሐመሩ 10 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 10 ቀን ይገባል። በ2000 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው።

እዚህ ውስጥ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል አሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ክፍል የሚያገኘው የትርፍ ስሌት አለ። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው የአቡሻክር መጽሐፍም በዚሁ ዘርፍ የሊቃውንቱ መመኪያ ነበር። ሆኖም ይህ ሁሉ የሕፃናት ትምህርት አልነበረም። ባሕረ ሐሳብ የሚደረሰው ንባቡን፣ ዜማውንና ቅኔውን ላለፈ ጎልማሳ ደቀ መዝሙር ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ቀመሩም በቃል ይጠናል፤ ለምን 19፣ ለምን 30 እንደሆነ የሚጠይቀው ደግሞ ከጥቂቶቹም ያነሰ ነው። አገሪቱ የሚያኮራ የስሌት ቅርስ ነበራት፤ ቅርሱ ግን ወደ ታች ወደ ሕፃናቱ የሚወርድበት መሰላል አልተሠራለትም።

በወሎ፣ በሐረርና በሌሎችም የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በቁርኣን ትምህርት የጀመረ ልጅ፣ ገፍቶ ፊቅህ የተባለውን የእስልምና ሕግ ትምህርት ሲቀራ የውርስ ክፍፍል ሕግን ያገኛል። እዚያ የተወሰኑት ድርሻዎች ስድስት ናቸው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ። የሟቹን ንብረት ለሚስት፣ ለእናት፣ ለልጆች በትክክል ለማድረስ የእነዚህን ክፍልፋዮች የጋራ ታህት መፈለግ ግድ ነው። ይህም እንደ ባሕረ ሐሳብ ለበሰለ ተማሪ የተተወ ነበር።

ሕፃናቱ በእርግጥ የሚያውቁት ሒሳብ ሌላ ቦታ ነበር። የገባር ልጅ በአውድማው ዳር ቆሞ የሚያየው ክፍፍል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ክፍልፋይን ያስተምር ነበር። አስቀድሞ አሥራት ይወጣል፤ ከቀረው ላይ እንደ ውሉ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ለባለ መሬቱ ይሰፈራል። መቶ ቁና ቢመረት አሥሩ ላሥራት ይሄዳል፤ ከዘጠናው ሲሶው ሠላሳ ነው፤ ለአራሹ ስድሳ ይቀራል። የእርቦ ውል የያዘው ጎረቤት ከዚያው ከዘጠናው ስንት እንደሚሰጥ፣ በስንትስ እንደሚሻል፣ ልጁ ቤት ውስጥ ሲወራ ይሰማል። እዚህ ላይ ስሌት መሳሳት ክረምቱን መራብ ስለሆነ፣ ማንም ቸል አይለውም።

ገበያም የራሱ ትምህርት ነበረው። ጨርቅ በክንድና በስንዝር፣ እህል በቁናና በጣሳ፣ ቡና በፈረሱላ፣ ወርቅ በወቄት ይለካል። ፈረሱላ ወደ 17 ኪሎ ግራም፣ ወቄት ደግሞ ወደ 28 ግራም ይጠጋል፤ የወቄት ክብደት ከማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር ተቀራራቢ ስለነበረ ነጋዴው ብሩን ራሱን ሚዛን ላይ እንደ መመዘኛ ያስቀምጠው ነበር። ቁናው ከአገር አገር ይለያያል፤ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ከሚመረትበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር በብር የሚመነዘረው ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ከአባቱ ጋር ገበያ የሚወርድ ልጅ እንግዲህ የሚያሰላው በማይለዋወጥ ቁጥር አልነበረም፤ ምጣኔን ሳያውቀው ይማራል። ቤት ሲመለስ ገበጣ አለ። በየጉድጓዱ ጠጠር እያደሉ መዞር፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ ሳይነኩ ማስላት፣ በትምህርት ቤት ከሚሰጥ ብዙ የቃል ሒሳብ ይጠነክራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቤተ ክህነት የውጭ ትምህርት ሃይማኖት ያጠፋል ብላ ስለሰጋች፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ ተደረገ፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መካከል ሆነው አግባቡ። ዋናው ትኩረት የውጭ ቋንቋዎች ነበሩ፤ ሒሳብ ከእነርሱ ቀጥሎ ይሰጥ ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የመኳንንት ልጆች ናቸው። ልጁ እዚህ ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ላይ ያገኛል፦ ዜሮ ያለበትን፣ በቦታ ዋጋ የሚሠራውን አኃዝ፣ እንዲሁም ያንን አኃዝ የሚያብራራ የማያውቀውን ቋንቋ። የመጀመሪያው ትልቅ ጥቅም ነበር። ዓምድ ሠርቶ መደመር፣ ተሸክሞ ማሳለፍ፣ ተበድሮ መቀነስ የተቻለው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ግን ጥቅሙን ሸፈነው፤ ልጁ አሥር የሚለውን ሐሳብ ሳይሆን የአሥርን የውጭ ስም ሲያጠና ይውላል።

ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. የከፈቱት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ይህንኑ መንገድ አሰፋው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ከትምህርት ቤት ውጭ የተደረገ አንድ ለውጥ ለሒሳብ ትምህርት የረዳውን ያህል የክፍል ውስጥ ሥራ አልረዳም ማለት ይቻላል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ገንዘብ ብርን በመቶ መቶኛ ከፈለው። ከዚያ በፊት ብር በግርሽና በቤሳ ይመነዘር ነበር፤ የምንዛሬው ቁጥርም ለአሥርዮሽ የሚመች አልነበረም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብርም መቶ ሳንቲም ሆኖ ጸና። በዚህ ምክንያት የአገሪቱ ልጅ የነጥብ ሁለት ቤት አኃዝን ገና ክፍል ሳይገባ በኪሱ ይዞት ይመጣል። ስሙኒ ሩብ፣ ሽልንግ ግማሽ መሆኑን ለመንገር አስተማሪ አያስፈልገውም።

የጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር በአጭሩ ቀጨው። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ ወይም ለወራሪው ሥራ ተወሰዱ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ትምህርት ቤቶችም በየጠቅላይ ግዛቱ መበራከት ጀመሩ። በብሪታንያ እርዳታ ምክንያት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ከመጽሐፎቹ ብዙዎቹ ለእንግሊዝ ወይም ለቅኝ ግዛቶቿ ልጆች የተጻፉ ነበሩ። ጥያቄዎቹ ስለ ፓውንድና ፔንስ፣ ስለ ባቡር ሰዓትና ስለ ኢንች ያወራሉ። ሌላም ችግር ነበረ፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው ይላሉ፣ የልጁ ዓመት ግን አሥራ ሦስት ወር አለው። ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይጀምራል ይላሉ፤ የልጁ ሰዓት ግን የሚቆጠረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ መጽሐፉ ሰባት ያለውን ቤተሰቡ አንድ ሰዓት ይለዋል። በዓመትና በሰዓት ላይ የተሠራ ጥያቄ ለልጁ የሒሳብ ሳይሆን የባህል ፈተና ሆነ።

በዚህ ዘመን የሒሳብ ክፍል መልኩ ተመሳሳይ ነበር። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ የማባዣ ሠንጠረዥ በጋራ ድምፅ ይዜማል፤ ያልያዘ ይገረፋል። ድምፅ ማውጣትና በቃል መያዝ ከቄስ ትምህርት ቤት የወረሰው ልማድ ነው፤ ዜማን ለመማር የሠራው ለቁጥር ግን በከፊል ብቻ ነው የሠራው። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት መሆኑን በዜማ የያዘ ልጅ፣ ዜማውን ከመሐል ሲያስጀምሩት ይጠፋበታል። ያም ሆኖ ሠንጠረዡን መያዝ ከንቱ ሥራ አልነበረም። ሠንጠረዡ በደብተር ጀርባ ታትሞ ለብዙ ትውልድ ከልጁ እጅ አልተለየም፤ በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች የቃል ሒሳባቸው ፈጣን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ተወሰነ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪው ሕፃን ትልቅ እፎይታ ነበር። ድምርና ቀሪ፣ ድርሻና ብዜት፣ ክፍልፋይና አሥርዮሽ ከገበያው ቋንቋ ጋር ተቀራረቡ። የአማርኛ ቁጥር አጠራርም ለጀማሪ ልጅ ይመቻል፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሲል አሥሩና አሃዱ ተለይተው ይሰማሉ፣ የቦታ ዋጋውንም ከጆሮው ይማራል። ለኦሮሞው፣ ለሲዳማው፣ ለሶማሌው፣ ለትግራዩና ለአፋሩ ልጅ ግን የተለወጠው አንዱ የማያውቀው ቋንቋ በሌላ መተካቱ ብቻ ነው። ለዚያውም በስድስተኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ሁሉም እኩል ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። መሻገሪያው ክፍልፋይና መቶኛ በሚጠነክሩበት፣ አልጀብራ በሚጀመርበት ዕድሜ ላይ መዋሉ ጉዳቱን አበዛው። ሐሳቡ ሲከብድ ቋንቋውም አብሮ ይከብድ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ከባሕር ማዶ ሌላ ማዕበል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ካመጠቀች በኋላ አሜሪካ የሒሳብ ትምህርቷን ከሥሩ ለመለወጥ ተነሣች፤ አዲሱ ሒሳብ የተባለው እንቅስቃሴም ወደ አፍሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከተደረገ ጉባኤ በኋላ፣ በ1962 ኡጋንዳ ውስጥ በኢንቴቤ ከተማ የአፍሪካና የአሜሪካ የሒሳብ ሰዎች ተሰብስበው መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ከተሳተፉት አገሮች አንዷ ነበረች። የኢንቴቤ ሒሳብ በመባል የታወቁት መጻሕፍት ትንሹን ልጅ በስብስብ ሐሳብ ያስጀምሩታል፤ ቁጥርን ከመጥራቱ በፊት ይህ ስብስብ ከዚያ ስብስብ ጋር አንድ ለአንድ ይዛመዳልን እያለ እንዲያይ ይፈልጋሉ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ጠጠርና እንጨት ይዞ ማዛመድ ለሕፃን ይስማማዋል። ችግሩ ያለው በመምህሩ በኩል ነበር። ራሱ በዜማ ሠንጠረዥ የተማረ፣ ጥቂት ወራት ብቻ የሠለጠነ፣ በአንድ ክፍል እጅግ ብዙ ልጅ የያዘ መምህር ስለ ስብስብና ስለ ዝምድና በሰሌዳ ላይ ምልክት ጽፎ ከማስገልበጥ ያለፈ ማድረግ አልቻለም። ጥበቡ ከጠጠሩ ተለይቶ ምልክቱ ብቻ ቀረ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት ትምህርት ቤቱን ለብዙኃኑ ከፈተ። የገባው ልጅ ብዛት ክፍሉን ስላጣበበው በፈረቃ ማስተማር ተለመደ፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ፈረቃ አንዱን ክፍል፣ አንዱን ወንበር፣ አንዳንዴም አንዱን መጽሐፍ ይጋሩ ነበር። የትምህርት መሣሪያዎች ማምረቻና ማከፋፈያ ድርጅት መጻሕፍትን በአገር ውስጥ አትሞ ማሰራጨት ጀመረ፤ ጥያቄዎቹም ስለ ኩንታል፣ ስለ ገበሬ ማኅበርና ስለ ሄክታር ሆኑ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ንባብንና ጽሕፈትን ከቀላል ስሌት ጋር አያይዞ አስተማረ። መጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። የዘመቻው ተማሪዎች በአብዛኛው ጎልማሶች ነበሩ፤ ለሕፃናቱ ሒሳብ ያመጣው ግን ኋላ የታየ ነው። ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማሊኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ለቁጥርና ለስሌት የተጻፈ ቃል ማበጀት ነበረባቸው፤ ያ የቃላት ሥራ ባይቀድም ከ15 ዓመት በኋላ የመጣው ለውጥ ባዶ እጁን በገባ ነበር። በአማርኛም በኩል የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ለማበጀት ሠርቷል።

ያ ለውጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ደረጃውንም ከ1 እስከ 8 አደረገው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት አንድ መምህር እንዲያስተምር ተደረገ። ለሒሳብ ይህ አከራካሪ ነበር። ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያውቀው መምህር፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ክፍለ ጊዜ የተነሣውን ታሪክ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጥያቄ ሊያደርገው ይችላል። ሒሳብን የሚፈራ መምህር ከሆነ ግን አራት ዓመት ሙሉ ልጁ ከፍርሃቱ ጋር ይውላል።

ክልሎች ፖሊሲውን በየመንገዳቸው ሥራ ላይ አዋሉት። ኦሮሚያና ትግራይ ሒሳብን እስከ 8ኛ ክፍል በልጁ ቋንቋ አስኬዱት፤ አዲስ አበባ ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረች፤ ከዚያም ቀድመው የተሻገሩ ክልሎች አሉ። በዚህ ምክንያት አገሪቱ ሳታስበው አንድ ትልቅ ሙከራ ውስጥ ገባች፤ አንድ ዓይነት ይዘት በተለያየ ቋንቋ ሲሰጥ ምን እንደሚያፈራ የሚታይበት። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው ብሔራዊ ምዘና የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ የሒሳብ ውጤት ከግማሽ በታች መሆኑን አሳየ፤ ተከታዮቹም ብዙ አልራቁም። በምዘናዎቹ ውስጥ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ 8ኛ የዘለቁት በሒሳብና በሳይንስ በእንግሊዝኛ ከተማሩት ይሻሉ ነበር። የቋንቋው ምርጫ ከፖለቲካው ጋር ተያይዞ ብዙ ስለተነገረለት ይህ ውጤት የሚገባውን ያህል አልተደመጠም። ወላጆችም ቢሆኑ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለልጃቸው ሥራ ያስገኛል ብለው ስለሚያስቡ፣ አቅም ያላቸው ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ቁጥርን በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ይልካሉ።

በክፍል ውስጥ የሚያዘው መሣሪያ በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙም አልተለወጠም። ጭራሮ በአሥር በአሥሩ ታስሮ አሥርን ያሳያል፤ የለስላሳ ቆርኪ መቁጠሪያ ይሆናል፤ ባቄላና ጠጠር ለማካፈል ያገለግላሉ። ብልህ መምህራን ገበጣን ወደ ክፍል አስገብተዋል። በአውድማው ዳር የነበረው የሲሶና የእርቦ እውቀት ግን በመጽሐፍ ገጽ ላይ ገና አልወጣም፤ ልጁ አንድ ሦስተኛን በፒዛ ሥዕል ይማራል፣ አያቱ ግን በቁና ነበር የሚያውቁት።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በተነደፈው ፍኖተ ካርታና በተከታዩ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እንደገና ከ1 እስከ 6 ሆኗል፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል፤ በ6ኛ ክፍል ማብቂያም ክልላዊ ፈተና ይሰጣል። ይህ አከፋፈል በ1950ዎቹ የነበረው ነው። በ6ኛና በ7ኛ ክፍል መካከል ያለው የቋንቋ መሻገሪያም በብዙ ቦታ ከዚያ ዘመን ጋር አንድ ሆኖ ቀርቷል። ክፍልፋይና መቶኛ ሥር ከሰደዱ በኋላ፣ ቋንቋው ቀስ በቀስ እንዲሻገር ካልተደረገ በስተቀር የሒሳብ ውጤቱ ከቀድሞው የሚለይበት ምክንያት የለም።